ከሮማ እስከ መርካቶ፤ የማራቶን ሩጫ ታሪክና የጽናት ትምህርት

መግቢያ

የመርካቶ ገበያ የሚነቃው ጎሕ ሳይቀድ ነው። በእህል በረንዳ ጆንያ ሲራገፍ፣ በአውቶቡስ ተራ የሩቅ አገር መንገደኛ ሲሳፈር፣ በምናለሽ ተራ ቆርቆሮና ብረት መቀጥቀጥ ሲጀምር፣ የአዲስ ከተማ ልጅ ደብተሩን ይዞ በተሸካሚውና በጋሪው መካከል እየተሹለከለከ ወደ ትምህርት ቤቱ ያመራል። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሲሸከም፣ ሲገፋ፣ ሲራመድ የሚውል ነው። ሆኖም ይኸው ልጅ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ስለ ረጅም ርቀት ሩጫ ሲጠየቅ፣ «ሩጫ ሲፈጥር የሚሰጥ ነው» ወይም «ሩጫ የገጠር ልጅ ነገር ነው» ብሎ ሲመልስ ይሰማል።

ይህ መልስ ከልጁ ብቻ የመነጨ አይደለም። የአገራችንን የማራቶን ታሪክ ለተማሪዎች የምንነግርበት መንገድም የራሱ ድርሻ አለበት። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን እንነግራቸዋለን፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የዝግጅት ዘመን ግን እናልፈዋለን። በዚህም የተነሣ ታሪኩ እንደ ተአምር ይሰማል፤ ተአምር ደግሞ ይደነቅ እንደሆነ እንጂ አይከተሉትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የታሪኩን ሂደት በቅደም ተከተል መርምሮ፣ ሯጮቻችንን በልምምዳቸው ያጸናቸው ምን እንደ ነበረ ማሳየትና ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት ሜዳ በጠበበበት በመርካቶ አካባቢ እንዴት በሥራ ላይ ማዋል እንደሚቻል ማመልከት ነው።

1. የማራቶን ሩጫ አመጣጥ

የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን በአቴና የተሮጠው ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጊዜው ከዐድዋ ድል በኋላ 40 ቀን መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ የሚታወቀው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ1900 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ከተሮጠ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ቋሚ መለኪያ ሆኖ ጸደቀ።

ስለዚህ ማራቶን የተወሰነ አገር ወይም የተወሰነ ዘር ሀብት ሆኖ አልተጀመረም። በልዩ ልዩ ዘመን ግሪኮች፣ ፊንላንዶች፣ ጃፓኖችና ሌሎችም ብዙ ሕዝቦች ስመ ጥር ሯጮችን አፍርተዋል። አንድ ሕዝብ በሩጫ የሚታወቀው ተስማሚ አየርና አካል ስላለው ብቻ ሳይሆን፣ ልምምዱን የሚይዝ ሥርዓት ስላቆመም ጭምር ነው። የኢትዮጵያ ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል።

2. ከሜልቦርን እስከ ሮማ

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። በዚያ ማራቶን ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ ሮጠው ርቀቱን ፈጽመዋል፤ ሆኖም ከፊተኞቹ ተርታ አልደረሱም። ኋላ በማራቶን ስሙ የገነነው ማሞ ወልዴም በዚያው ኦሊምፒክ በአጭርና በመካከለኛ ርቀት ተወዳድሮ ያለ ሜዳልያ ተመልሷል። በትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ የማይነገረው የታሪኩ ምዕራፍ ይህ ነው። የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ታሪክ በድል አልተጀመረም፤ የተጀመረው በመማር ነው።

ከሜልቦርን በኋላ የነበሩት አራት ዓመታት የሥራ ዓመታት ነበሩ። በክቡር ዘበኛ ውስጥ የስዊድን ዜጋ የነበረው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ወታደሮችን በተወሰነ ዕቅድ ያሠለጥን ነበር። አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በተባለ ቦታ ተወልዶ፣ ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ የገባ ወታደር ነበር። የመጀመሪያውን ማራቶን የሮጠውና ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛውን ሲሮጥ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። ይህም በጊዜው ከነበረው የኤሚል ዛቶፔክ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ያውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ። ስለሆነም ወደ ሮማ የሄደው የዕድል ሰው ሳይሆን፣ ሰዓቱ ተለክቶ የታወቀ ሯጭ ነበር። ለዓለም እንግዳ ቢሆንም ለአሠልጣኙ እንግዳ አልነበረም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሮማው ማራቶን ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ማታ ተጀመረ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው አበበ ባዶ እግሩን ሮጠ። አብሮት የተሰለፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም እንዲሁ ባዶ እግሩን ሮጦ ሰባተኛ ወጣ። ጨለማው በችቦ ብርሃን በተገፈፈበት መንገድ አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም በ25 ሰከንድ ያህል ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ።

እንግዲህ ባዶ እግር የድሉ ምክንያት አልነበረም። አራት ዓመት በኋላ አበበ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ ከሮማው በ3 ደቂቃ የተሻለ ሰዓት አስመዝግቧል። ለተማሪ ሊነገረው የሚገባው የእግሩ መራቆት ሳይሆን የልምምዱ ብዛት ነው።

3. አንድ ዘመን የወለዳቸው ሁለት ምልክቶች

የመርካቶ ተማሪ ይህን ታሪክ የራሱ ሊያደርግ የሚችልበት ሌላም ምክንያት አለ። ከጣልያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ወራሪው በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ የአውሮፓውያንን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «የአገሬው ገበያ» የሚል ስም በጣልያንኛ ተሰጠው። ከዚያ ስም ገበያ ማለት የሆነው «መርካቶ» ብቻ ቀርቶ እስከ ዛሬ ይጠራበታል። ለመለያየት የተቆረሰው ቦታ ግን ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚነግድበት፣ በአፍሪካ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ሆነ።

ያው ወራሪ የአክሱምን ሐውልት ነቅሎ ወስዶ በሮማ አቁሞት ነበር። የ1952ቱ ማራቶን ሊያልቅ ሲቃረብ ሯጮቹ የሚያልፉት ሐውልቱ በቆመበት አደባባይ ነበር። አበበ ተፎካካሪውን ትቶ ወደ ፊት የገሠገሠውም በዚያው አካባቢ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል። የመርካቶ መምህር በታሪክ ክፍለ ጊዜ ገበያውንና ሐውልቱን አጣምሮ ቢያስተምር፣ ተማሪው የማራቶኑን ድል ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ሳይሆን ከሚኖርበት ሰፈር ታሪክ ጋር የተሳሰረ አድርጎ ይረዳዋል።

4. ከድል በኋላ መጽናት

አንድ ጊዜ ማሸነፍ ጽናትን አያሳይም። የአበበ ጽናት የሚታየው ከሮማ በኋላ ነው። ከቶኪዮው ኦሊምፒክ ሳምንታት አስቀድሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ቢሆንም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን ሯጭ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ፣ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ደግሞ እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። በዚያ ቀን ድሉን የወሰደው በሜልቦርን ያለ ሜዳልያ የተመለሰው ማሞ ወልዴ ነው። ከ12 ዓመት ልምምድ በኋላ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ባለፈ ጊዜ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ስለ መጽናት ለተማሪ ምሳሌ የሚፈልግ መምህር ከዚህ የበለጠ አያገኝም። በተጎዳ እግር አለመጨረስም ነውር አለመሆኑን የአበበ ማቋረጥ ያስተምራል።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ያም ሆኖ ሰውነቱን ማለማመድ አልተወም። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ፣ በሚከተለው ዓመትም በኖርዌይ በበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር ተካፈለ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ሰውነትን ማጎልመስ ለሜዳልያ ብቻ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ፣ እግሩ ከከዳው በኋላ ቀስት የሚያነሣበት ምክንያት ባልኖረው ነበር።

5. የሴቶች ድርሻና የመምህሩ ሥራ

ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን እንዲሮጡ የተፈቀደው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው፤ ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ አልተካፈለችም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸንፋ የኦሊምፒክን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። በ2004 ዓ.ም. ቲኪ ገላና በለንደን ይህንኑ ደገመች።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ይበልጥ ሊያስገርም የሚገባው ግን የእነዚህ ሴቶች መነሻ ነው። ፋጡማ ሮባ፣ ቲኪ ገላና፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የመጀመሪያ ልምምዳቸውን ያደረጉት በአርሲ በቆጂ በሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ በስንታየሁ እሸቱ ሥር ነው። ብዙ የኦሊምፒክ ወርቅ የተገኘው የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ሌሎች የሚንቁትን ያህል ባልናቀ አንድ የትምህርት ቤት መምህር አማካይነት ነው ማለት ይቻላል። የበቆጂ ከፍታና አየር ረድቷል፤ ነገር ግን ከፍታው ከመምህሩ በፊትም እዚያው ነበር።

የመጀመሪያ ማራቶን የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑንም በቅርቡ ታሪክ እናያለን። ቀድሞ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ የነበረችው ትዕግሥት አሰፋ በ2014 ዓ.ም. በሪያድ የመጀመሪያውን ማራቶን የፈጸመችው በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መስከረም በበርሊን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ገባች። በዓመቱ፣ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እዚያው በርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ውጤት አስመዘገበች።

6. እቁብ እንደ ጽናት ትምህርት

ከላይ የታየው ታሪክ አንድ የጋራ ባሕርይ አለው። አበበንና ማሞን ያጸናቸው የግል ፍላጎታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የተወሰነ ሰዓት፣ አብሮ የሚሮጥ ጓድና የሚጠይቅ አሠልጣኝ ነበር። ዛሬ የመከላከያ፣ የፖሊስና የሌሎች ድርጅቶች ክለቦች ለሯጮቻቸው የሚሰጡት ይህንኑ ነው። የክለብ አባል ያልሆነ ተራ ሰው፣ ለምሳሌ በመርካቶ የሚያስተምር መምህር ወይም ተማሪው፣ ይህን ሥርዓት ከየት ያገኛል?

መልሱ እዚያው ገበያው ውስጥ አለ። የመርካቶ ነጋዴ እቁብ ያውቃል። የእቁብተኛው መዋጮ እኩል ነው፤ ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለ፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለትም ዋስ ይጠራል። ማንም «ዛሬ ደስ አላለኝም» ብሎ መዋጮውን አያስቀርም፤ ሌሎች ይጠብቁታልና። በሩጫ ልምምድም ጀማሪዎችን የሚጥላቸው ድካሙ ሳይሆን በደስታ ላይ መመሥረታቸው ነው። ደስታ ሲመጣ የሚሮጥ ሰው ዝናብ የጣለ ዕለት ይቀራል፤ በቀጠሮ የሚሮጥ ሰው ግን ጓደኛው በር ላይ ስለሚጠብቀው ይወጣል።

በመሆኑም አንድ ትምህርት ቤት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት አባላት ያሉት የሩጫ እቁብ ሊያቋቁም ይችላል። መዋጮው ገንዘብ ሳይሆን በሳምንት ሦስት ማለዳ ነው። ጸሐፊው በደብተር ይመዘግባል፤ እያንዳንዱ አባል የሚቀሰቅሰው ዋስ ይኖረዋል። በመርካቶ ተስማሚው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ጭነት መኪኖችና ጋሪዎች መንገዱን ከመዝጋታቸው በፊት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎች በእሑድ ቀን ለተሽከርካሪ የሚዘጉበት ልማድ መጀመሩም ሜዳ ለሌለው ትምህርት ቤት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ልምምዱ ከትንሽ መጀመር አለበት። በመጀመሪያው ወር ርምጃና ሩጫ እያፈራረቁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሯጩ እየሮጠ ከጓደኛው ጋር መነጋገር ካቃተው ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ረዘም ያለ ርቀት በዝግታ ይሮጣል፤ ይህም ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሙሉ ማራቶን የአዋቂ ርቀት ስለ ሆነ ለተማሪዎች ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ተገቢ ግብ ነው። ለአዋቂው ከማራቶን በፊት መሸጋገሪያ የሚሆነው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበትና ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊዎች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነተኛ አጋጣሚ ነው።

ማራቶን የሚሮጥ አዋቂ ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው የስኳር ስንቅ ብዙውን ጊዜ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል፤ ጀማሪ የሚዝለውም እዚያ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ዝግ ብሎ መጀመር፣ ቀደም ባሉት ቀናት እንጀራ፣ ዳቦ፣ በሶና የመሳሰለውን በደንብ መመገብ፣ በመንገድም ውኃ መጎንጨት ያስፈልጋል። የጥንት መንገደኛ በሶ ቋጥሮ ይጓዝ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

7. ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርብ አሳብ

የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናትና ለወጣቶች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። በመርካቶ ይህን ለመፈጸም የሚያዳግተው ቦታ ማጣት ነው። መሬቱ ውድ ነው፤ የሜዳ ቁራጭ ሁሉ ለመደብር ይታሰባል። የከተማ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎች የትምህርት ቤትን ግቢ እንደ ባዶ ቦታ ሳይሆን እንደ መማሪያ ክፍል ሊቆጥሩት ይገባል። ለፈተና ዝግጅት ሲባል የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ መውሰድም በበቆጂ የተገኘውን ፍሬ ከሥሩ እንደ መቁረጥ ነው። ውድድርም አንደኛ ለሚወጣው ብቻ ሽልማት የሚሰጥ መሆን የለበትም፤ ዓመቱን ሙሉ ማለዳውን ያላጓደለ ተማሪ በሰልፍ ፊት ስሙ ቢጠራ ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ማጠቃለያ

የማራቶን ታሪካችን ሦስት ነገሮችን አሳይቶናል። አንደኛ፣ የሮማው ድል በሜልቦርን ከተገኘ ትምህርትና ከአራት ዓመት ዝግጅት በኋላ የመጣ እንጂ ድንገተኛ ተአምር አልነበረም። ሁለተኛ፣ ጽናትን የሚሰጠው ሥርዓትና ጓደኝነት ነው፤ ይህንንም አንድ የመንደር መምህር ሊያቆመው እንደሚችል በቆጂ አስመስክሯል። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ማራቶን ፍጻሜ ሳይሆን መጀመሪያ ነው።

በእቁብ ዘንድ የሰው ታማኝነት የሚፈተነው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አይደለም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ተስፋ አድርጎ ይከፍላልና። የሚፈተነው ዕጣው ከወጣለት በኋላ መዋጮውን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሲከፍል ነው። የመጀመሪያውን ማራቶን ፈጽሞ በማግሥቱ ሳምንት እንደገና ጫማውን የሚያስር ሰው እንዲህ ያለ እቁብተኛ ነው። የመርካቶ ተማሪ ይህን ምሳሌ ከአባቱ መደብር ያውቀዋል። የሚቀረው መምህሩ ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ማየት ብቻ ነው።